ሦስተኛው የድልድይ እግር

አንድ ግንበኛ ነበረ።

የኔታ ጥበቡ ታሪኩን እንዲህ ብለው የጀመሩለት አዝመራው ለሚባል ሥራ ተቋራጭ ነው። አዝመራው ለመንግሥት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እየሠራ የሚኖር ሰው ነው። በዚያ ሰሞን የግብር ደንቡ ተለወጠና፣ የመንግሥት ሥራ የሚሠሩ ሁሉ ክፍያው ገና እጃቸው ሳይገባ ግብሩ እንዲቀነስባቸው ተደረገ። የግል ሥራ የሚሠሩትን ደንቡ አልነካቸውም። አዝመራው «የኔታ፣ ምን ላድርግ? ጥዬ ልውጣ ወይስ እንደ ጓደኞቼ ዘዴ ልፈልግ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው የግንበኛውን ነገር አወሩለት።

በግንበኛው አገር ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው የሚወስድ ወንዝ ነበር። የአገሩ ገዢ ግንበኛውን አስጠርቶ «ሦስት እግር ያለው የድንጋይ ድልድይ ሥራልኝ» አለው፤ በዋጋ ተስማሙ። ሁለቱን እግሮች አቆመ። የሦስተኛውን መሠረት ጥሎ ግንቡን ጉልበት ድረስ እንዳደረሰ አዋጅ ተነገረ፦ «ለመንግሥት የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ ከዋጋው አምስተኛው እጅ አስቀድሞ ይቆረጥበታል።»

የአገሩ ግንበኞች ተሰብስበው መከሩ። ገሚሶቹ መሣሪያቸውን ጭነው የነጋዴ መጋዘን ሊገነቡ ሄዱ። ከቀሩት አንዱ፣ የገዢውን ጎተራ የሚሠራው፣ ሳቀ። «ምን ያስጨንቃችኋል? እሱ ከእኛ አምስተኛውን ከወሰደ፣ እኛም ከኖራው አምስተኛውን እንወስዳለን። ከተለሰነ በኋላ ማን ያያል?» አላቸው።

ግንበኛው ስምንት ሠራተኞች ነበሩት፤ ሁሉም ባለ ቤተሰብ ናቸው። ጥሎ እንዳይሄድ ክረምቱ ደርሷል። እንዳይቀጥል በቀረው ዋጋ ኖራም ድንጋይም አይገዛም። ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመና አንድ ቀን ማለዳ ኖራውን ቀንሶ አሸዋውን አበዛ። ጭቃውን በግንበኛ ማንኪያው ሲያነሣው ይፈረፈራል፤ ድንጋዩን አይዝም። ሠራተኞቹ አዩ። ሰላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ሲኖር ከሠራተኞቹ ዓይን የሸሸው ያን ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ ሌላም በእጇ ይዛ ከወንዙ ዳር መጣች።

«አባቴ፣ ለክረምቱ ይደርሳል?» አለችው።

«ይደርሳል።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አምና ባሌን የወሰደብኝ ይኸው ወንዝ ነው። ዘንድሮ እነዚህን ይዤ የምሻገረው በእርስዎ ሥራ ላይ ነው» አለችና፣ ያን ቀን የተገነባውን ድንጋይ በመዳፏ ዳሰሰችው።

ሴትዮዋ እንደሄደች ግንበኛው ድጅኖ አነሣ። የዚያን ቀን ሥራውን ድንጋይ በድንጋይ አፈረሰው። ሠራተኞቹም ሳያዛቸው መጥተው አገዙት።

በማግስቱ ገዢው ፊት ቆመ። «ጌታዬ፣ አዋጁን ሰምቻለሁ፤ አልቃወምም። ግን ሦስተኛውን እግር በድሮው ዋጋ ልሠራው አልችልም። አዲሱ ዋጋዬ ይህ ነው። ካልተስማማዎት ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ እስኪያገኙ ድረስ ሥራውን እጠብቃለሁ» አለ።

ገዢው ተቆጣ። «ጎተራዬን የሚሠራው ሰው ዋጋ አልጨመረም። አንተ ማን ስለሆንክ ነው?»

«ጎተራው ጋ ሄደው ግንቡን በጣትዎ ይፋቁት። እኔም ትናንት እንደሱ ጀምሬ ነበር፤ አፈረስኩት» አለው ግንበኛው።

ገዢው ግንበኛውን አስከትሎ ሄዶ ፋቀው። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ጣቱን አራገፈና፣ «አዋጁን ግን አላነሣም» አለ።

«ያንሡ አላልኩም፣ ጌታዬ።»

ዋጋውን ጥቂት ተከራክሮ ጨመረለት። ሦስተኛውም እግር ዝናቡ ሳይጥል ቆመ።

የኔታ ጥበቡ ይህን ጨርሰው ወደ አዝመራው ዞሩ። «ልጄ፣ ያ ግንበኛ አንተ ነህ። ደንቡ በአንተና በመንግሥት መካከል ያለ ነገር ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚማረው ልጅ ደንብ አላወጣም፤ በጤና ጣቢያው የምትወልደውም ሴት አላወጣችም። ዋጋዬ ይህ ነው ማለት ትችላለህ። አይሆንም ቢሉህ ሥራውን ትተህ መሄድም ትችላለህ፤ የሄዱትን ግንበኞች ስነቅፍ አልሰማኸኝም። በግብሩ የጎደለብህን ከግድግዳው ውስጥ አውጥተህ ከሞላኸው ግን፣ የከፈለልህ ከጣሪያው ሥር የሚቀመጠው ሰው ነው፤ እሱም መክፈሉን አያውቅም። አንተ የጨዋ ልጅ ነህ፤ ሥራህም የታወቀ ነው። ሂድ፣ ዋጋህን ጮክ ብለህ ተናገር።»