ሳይደርስ የታጨደው ጤፍ

አንዳንድ አባባል ሲሰሙት ያስቃል፤ መነሻውን የሚያውቅ ሰው ግን ከመሳቁ በፊት ትንሽ ያዝናል። ይህኛው ከእነዚያ አንዱ ነው።

ባዘዘው የሚባል ገበሬ ነበር። ጉልበቱ የማይታማ፣ ለሰው የሚራራ፣ ብቻ ቶሎ የሚከፋው። የመንደሩ ሰው ጤፉን የሚያጭደው በወንፈል፣ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን ማሳ እያለ በኅብረት ነበር። ተራ የሚያወጡት ሽማግሌው አያ ላቀው ናቸው። በዚያ ዓመት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሳምንቱን ባለተራዎች ሲጠሩ የባዘዘው ስም ሳይነሳ ቀረ።

«እኔስ?» ቢል ያበቃ ነበር። ነገር ግን ልመና መሰለው፤ ተነስቶ ሄደ። ከኋላው ሳቅ ሰማ። ሰዎቹ የሳቁት አንዲት ፍየል የአያ ላቀውን ጋቢ ጫፍ ስታኝክ አይተው ነው፤ እሱ ግን «በእኔ ነው» አለ።

«ከወንፈሉ አስወጡኝ» አላት ለሚስቱ ለጥሩዬ።

«ማን አለህ?»

«ማንም አላለኝም። አምና አንቺን ምጥ ይዞሽ አንድ ቀን ብቀር ቂም ያዙብኝ።»

«ታዲያ ሂድና ጠይቃቸዋ!»

«እኔ? ደጃቸውንም አልረግጥ!»

ሰኞ በማለዳ ጎረቤቱ እንየው ዘንድ ሄደ።

«ማጭዴ ተሰብሯል፤ አውሰኝ።»

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«ትሰጠኛለህ አትሰጠኝም?»

እንየው ባዘዘው ወደ ወንፈሉ የሚመጣ መስሎት ትርፍ ማጭዱን አቀበለው።

ባዘዘው ግን ብቻውን ወደ ማሳው ወረደ። «ያለ እነሱም አጭዳለሁ!» እያለ፣ እልሁ ዓይኑን ጋርዶት፣ ያገኘውን ሁሉ ያጋድም ጀመር።

በምሳ ሰዓት ወንፈለኞቹ «ባዘዘው ታሞ ይሆን?» ብለው ሊጠይቁት መጡ። ጥሩዬ ጠቁማቸው ከማሳው ሲደርሱ ግማሹ ተጋድሟል። አያ ላቀው አንድ ዘለላ አንስተው በጣታቸው ጨመቁት። ፍሬው ገና ወተት ነው።

«ምነው ልጄ! ማሳህ ከገደሉ ጥላ ሥር አይደል? ከሁሉ ኋላ ነው የሚደርሰው። እስኪደርስልህ ብዬ እኮ ነው ለሚቀጥለው ሳምንት ያቆየሁህ።»

ባዘዘው በእጁ የጨበጠውን አረንጓዴ ጤፍ አየ። የጥሩዬና የሕፃኑ የዓመት ቀለብ ነበር።

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?» አለ።

«መሬትህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ ብዬ። መናገር ነበረብኝ፤ አጥፍቻለሁ» አሉና አቀፉት። «አይዞህ፣ የቀረው ይደርሳል። የጎደለውን ከየማሳችን ነዶ እያዋጣን እንሞላልሃለን።»

እንየው አንገቱን ደፍቶ፣ «ፊቱን እያየሁ ማጭዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ።

አያ ላቀው አንድ እጃቸውን ከባዘዘው ትከሻ ሳያነሱ፣ እየሳቁም እንባቸውን እየጠረጉም፣ «እንግዲህ እንየው ልጄ፣ ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» አሉት።