የቡሊት ጭነት

ተረት ልጀምር ነው። «የመሠረት» የምትሉ በሉ፤ የደከማችሁ ዝም በሉ። እኔም ደክሞኛል፤ ይህ ተረት ዳገት ይበዛዋል።

አያ ፈንታሁን የሚባሉ ባለበቅሎ ነበሩ። ሥራቸው የእግር ተጓዦችን ድንኳንና ድስት ጭነው፣ ስንጥቅ ውኃ የሚባለውን ገደል ተሻግረው፣ ማዶ ካለው ሜዳ ማድረስ ነው። ገደሉ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የእንጨት ድልድይ አለ። የባለበቅሎዎች ደንብም አለ፦ በቅሎ ያልረገጠውን ድልድይ ሰው አይረግጥም። በቅሎ ትቀድማለች፣ ሰው ይከተላል።

አንድ ቀን ጠዋት ቡሊት የምትባለው በቅሏቸው እንደ ደንቡ ቀደመች። ከድልድዩ መሀል አንድ ሳንቃ ከጎደለ ሁለት ዓመቱ ነው። ቡሊት ክፍተቱን ስትሻገር የኋላ እግሮቿ ከክፍተቱ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሁለት ሳንቃዎች ነቅለው ገደል ሰደዷቸው። እሷ ተፈናጥራ ማዶ ወጣች። አያ ፈንታሁን ወዲህ ቀሩ። ጉድጓዱን ልዝለል ቢሉ ጉልበታቸው አሻፈረኝ አለ። ዞሮ የሚያደርሰው መንገድ የሁለት ቀን ነው። ተጓዦቹ ገና ስላልመጡ ማዶ ሰው የለም፤ ሲመሽ ግን ጅብ አለ፤ ጭነት ያልወረደላት በቅሎ ደግሞ ከጅብ አትሮጥም። ቡሊት ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። የፈለጉት አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ሳይመሽ ጭነቷን ማውረድ።

«ድልድይ ሆይ፣ አሻግረኝ» አሉት።

«አልችልም አያ ፈንቴ» አለ ድልድዩ ሲጥ እያለ። «ደክሞኛል። መንገደኛው ሁሉ ፎቶ ያነሳኛል እንጂ የሚጠግነኝ አላየሁም። ሳንቃ ካልመጣልኝ አላሻግርም።»

አያ ፈንታሁን ዳገቱን ወጡና አናጢው ይልቃል ቤት ደረሱ። «ይልቃል፣ ቡሊት ጭነቷ አልወረደ፣ ድልድዩ አላሻግር አለ። ሳንቃ ስጠኝ» አሉት።

«የለኝም አያ ፈንቴ» አለ ይልቃል። «አንዲት ደህና ሳንቃ ነበረችኝ፤ ካቻምና የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወሰዳት። ለምን እንደፈለጓት እንጃ። ዛፍ ይቆረጥልኝና እጠርባለሁ።»

ቀጣዩን ዳገት ወጡ፤ የደን ዘቡ አስማረ ጥላ ሥር ተቀምጧል። «አስማረ፣ ቡሊት ጭነቷ አልወረደ፣ ድልድዩ አላሻግር አለ፣ አናጢው ሳንቃ የለኝም አለ። አንድ ዛፍ አስቆርጠኝ።»

አስማረ ከኮዳው ውኃ አጠጣቸው። ቡሊትን ያውቃታል፤ አሳዘነችው። «እኔ ብሆን ደኑን ሁሉ በሰጠሁዎት» አለ። «ግን ማህተም ያለበት ወረቀት ካላመጡ አንዲት ቅርንጫፍ አላስነካም። እንጀራዬ ነው።»

ሦስተኛው ዳገት ረጅሙ ነው። እሱን ወጥተው ከተማ ሲገቡ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት መስኮት ጸሐፊዋን ትርንጎን አገኟት። «ልጄ፣ ቡሊት ጭነቷ አልወረደ፣ ድልድዩ አላሻግር አለ፣ አናጢው ሳንቃ የለኝም አለ፣ ዘቡ ዛፍ አላስቆርጥ አለ። ማህተም ምቺልኝ።»

«ማህተሙ ይኸውና አባባ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው» አለች ትርንጎ። «ግን ኃላፊው ካልፈረሙ አልመታም። ምሳ ወጥተዋል። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ምሳው ረዘመ። እንደኔ ሽማግሌ ወንበር ላይ የጠበቀ ያውቀዋል፤ መጠበቅ ከዳገት ይብሳል። ማዶ ቡሊት አንዱን እግሯን አንስታ ሌላውን ታሳርፋለች፤ ያኛው ሲዝል መልሳ ትለውጣለች።

ኃላፊው አቶ ክንዱ መጡ። አያ ፈንታሁን ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። «ጌታዬ፣ ቡሊት ጭነቷ አልወረደ፣ ድልድዩ አላሻግር አለ፣ አናጢው ሳንቃ የለኝም አለ፣ ዘቡ ዛፍ አላስቆርጥ አለ፣ ጸሐፊዋ ማህተም አልመታ አለች። ይፈርሙልኝ።»

«ቦታውን በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም» አሉ አቶ ክንዱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወገባቸውን ያማቸዋል። «ያን ቁልቁለት ደግሞ በእግሬ አልችለውም። በቅሎ ያምጡልኝ፣ ዛሬውኑ ወርጄ አያለሁ።»

አያ ፈንታሁን ግድግዳውን ተደገፉ። «በቅሎማ ነበረችኝ» አሉ ቀስ ብለው። «በቅሎዋ ካልመጣች እርስዎ አያዩም፣ እርስዎ ካላዩ ፊርማ የለም፣ ፊርማ ከሌለ ማህተም የለም፣ ማህተም ከሌለ ዛፍ የለም፣ ዛፍ ከሌለ ሳንቃ የለም፣ ሳንቃ ከሌለ ድልድይ የለም፣ ድልድይ ከሌለ በቅሎዋ አትመጣም።»

ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው። ትርንጎ እንኳ ጽሕፈቷን አቆመች። አቶ ክንዱ ጣሪያውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ በመጨረሻ በሩን አዩ። «እንግዲያው እስከዚያው ሰው እንዳይወድቅ ይህን ወስደው ይትከሉልኝ» አሉና ከበሩ ጀርባ አንድ ነገር አወጡ። ካቻምና የመጀመሪያው ሳንቃ ሲጎድል ያሠሩት የእንጨት ማስጠንቀቂያ ነው። የሚያደርሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት አቧራ ጠጥቷል። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፣ ውፍረቱ ሦስት ጣት ይሆናል። በቀይ ቀለም፣ ከነማህተሙ ሥዕል፣ እንዲህ ይላል፦ ድልድዩ ሳንቃ ስለጎደለው መሻገር ክልክል ነው።

አያ ፈንታሁን ከላይ እስከ ታች አዩት። ትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ።

ከዳገቱ ሥር አስማረ አስቆማቸው። «እንጨት ነው» አለና ዞሮ አየው። «ማህተም አለበት። ማህተም ያለበትን አልከለክልም።» የኋለኛውን ጫፍ ወደ ትከሻው አነሳ። ይልቃል ደጁ ላይ ሆኖ ሲመጡ አያቸው፤ እጁን ዘርግቶ የእንጨቱን ጠርዝ ዳበሰ። «ይህቺ የኔ ሳንቃ ናት» አለ። መዶሻና ሚስማር ይዞ ተከተላቸው።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ልትገባ ነው። ቡሊት በፊት ጉልበቶቿ ተንበርክካለች። ከወደ ጫካው ጅብ አንድ ጊዜ ጮኸ።

«የት ልምታው?» አለ ይልቃል። «እዚህ ቋሚው ላይ?»

«የለም። እዚያ» አሉ አያ ፈንታሁን ጉድጓዱን እያሳዩ።

«ማስጠንቀቂያ ነው እኮ አያ ፈንቴ» አለ አስማረ። «ነገ ይጠይቁናል።»

«ሰው እንዳይወድቅ ትከል ተብዬ ነው የተሰጠኝ። እዚያ ከሆነ ሰው አይወድቅም።»

ይልቃል በደረቱ ተኝቶ እየተሳበ ሳንቃዋን በቁመቷ ጉድጓዱ ላይ ዘረጋትና ከዚህም ከዚያም ቸነከራት። ኃላፊው ሳያዩ፣ ፊርማ ሳይኖር፣ ማህተም ሳይመታ፣ ዛፍ ሳይቆረጥ፣ ድልድዩ ሳንቃ አገኘ።

ከዚያ ሦስቱም ጫፉ ላይ ቆሙ። ደንቡን አስታውሱ፤ በቅሎ ያልረገጠውን ሰው አይረግጥም፤ ይህቺን ሳንቃ ደግሞ በቅሎ አልረገጠቻትም። አያ ፈንታሁን በዕድሜያቸው ሙሉ ከበቅሎ ቀድመው ድልድይ ላይ ወጥተው አያውቁም። ሽቦውን ያዙ። አንዱን እግር «ድልድዩ ሳንቃ» የሚለው ላይ አሳረፉ፣ ሌላውን «መሻገር» ላይ፣ ቀጥለው «ክልክል ነው» ላይ። ድልድዩ ሲጥ አለ፤ ግን አሻገረ።

ማዶ ደርሰው ገመዱን ፈቱ። ድንኳኑ ወረደ፣ ድስቱ ወረደ፣ ኮርቻው ወረደ። ቡሊት ጥቂት ቆየችና ተነሥታ ተራገፈች፤ ከዚያ አቧራው ላይ ተንከባለለች። አያ ፈንታሁን አጠገቧ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። «ዘገየሁብሽ እቴ» አሏት። አስማረ ጠመንጃውን ይዞ ተሻገረ፤ እሳትም አነደዱ። ጅቡም ወደ ጫካው ተመለሰ።

ማስጠንቀቂያው ዛሬም እዚያው ነው። ተጓዦች መሀል ድልድዩ ላይ ቆመው ያነቡታል፤ አንዳንዶቹ ደንግጠው ይመለሳሉ። አቶ ክንዱ እስካሁን በቅሎ እየጠበቁ ነው። ተረቴን መልሱልኝ አልልም፤ በዚያ ካለፋችሁ ግን ከጽሑፉ በስተቀኝ እርገጡ፣ የግራው ሚስማር ላልቷል።