ከአልጋው አጠገብ የተነሣች ፎቶ

አንዲት ሯጭ ነበረች፤ አስካለ እንበላት። ከልምምድ ጓደኛዋ ከዘነቡ ጋር ሱሉልታ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አብረው ይሮጣሉ፣ አብረው ይበላሉ። ዘነቡ እሑድ የብሔራዊ ቡድን መምረጫ ውድድር አለባት። የስንት ዓመት ልፋቷ ሁሉ በዚያች አንድ ቀን ላይ ነው።

በሳምንቱ መጀመሪያ ዘነቡን ሆዷን ቆረጣት፤ ትውከቱም አልቆም አላት። አስካለ ደግፋ ሆስፒታል አደረሰቻት። ሐኪሙ "ከሰውነቷ ውስጥ ፈሳሽ አልቋል" ብሎ ግሉኮስ አሰቀለላት። ዘነቡ እንቅልፍ ወሰዳት።

ታማሚ ያስታመማችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጊዜው አይገፋም። አስካለ ስልኳን አወጣች። ክንዷ ላይ ቱቦ የተሰካላትን ጓደኛዋን አነሣችና ፌስቡክ ላይ ለጠፈቻት። ምን ብላ ጻፈች? "ነዳጅ እየሞላች ነው፤ እሑድ ማን ይችላታል!"

ቀልድ ነው። ክፋት የለበትም። በልምምድ ሜዳ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቀላለዱት። ግን ወገኖቼ፣ ፌስቡክ የልምምድ ሜዳ ነው እንዴ?

"ዶፒንግ ነው!" አለ አንዱ። "ለካ በመርፌ ነው የሚሮጡት!" አለ ሌላው። አስካለ ደነገጠች፤ ላጥፋው ብላ ጣቷን አነሣች። ግን ላይኩ እየጨመረ ነው! ተከታዩ እየጎረፈ ነው! በዕድሜዋ ይህን ያህል ሰው አይቷት አያውቅም። "ትንሽ ልቆይ" አለች።

ይህቺ "ትንሽ ልቆይ" ናት ጉድ ያደረገቻት! ባጠፋችው ጊዜ ፎቶው በየሰዉ ስልክ ገብቶ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ?

አሰልጣኛቸው ደወለ። "ምንድነው ያደረግሽው አንቺ ልጅ? ፌዴሬሽኑ ጉዳዩ እስኪጣራ ዘነቡ አትሮጥም ብሏል!" አስካለ ቀና ስትል ዘነቡ ነቅታ የራሷን ስልክ ይዛለች።

"ማነው ያነሣኝ?"

አስካለ ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

"ንገሪኝ እንጂ! እዚህ ማን ገብቶ ነበር?"

"እኔ ነኝ ዘኒዬ። ለቀልድ ብዬ ነው፤ በእናትሽ…"

ዘነቡ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ጠላት ቢያደርገው አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር" አለች።

ሆስፒታሉ መሰከረ፤ ንጽሕት ናት ተባለ። መቼ? ቡድኑ ተመርጦ ካለቀ በኋላ! አስካለም ፊቷን አሳይታ በቪዲዮ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። ማን አየው? ለሐሜቱ የተሰለፈው ሕዝብ ለእውነቱ ጊዜ የት ገባ? ዘነቡ በሌላ ጊዜ ስትሮጥ ከመንገድ ዳር አንድ ጎልማሳ "መርፌ!" ብሎ ጮኸባት። ሰውየው ክፉ ላይሆን ይችላል። የነገሩትን ነው ያመነው።

እናንተ ስፖርተኞች፣ እናንተ ሕዝብ የሚከተላችሁ! የምትጽፉትን የሚያነበው የሚያውቃችሁ ሰው ብቻ አይደለም። እናንተ ስትስቁ የሚፈርድ አለ፤ እናንተ ስትረሱት የማይረሳ አለ። ሌሎቻችሁም "እኔ መች ሯጭ ሆንኩ" ብላችሁ እንዳታመልጡኝ። የልጁን ለቅሶ የለጠፈ አባት የለም? የጎረቤቱን ጠብ ቀርጾ የበተነ የለም? የላይኩ ቁጥር ሲጨምር እያየ "ትንሽ ልቆይ" ያለ ከመካከላችን የለም?

አስካለ እኮ አጠገቧ ነበረች! እጇን ብትዘረጋ ትነካታለች። "ልለጥፈው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ምን ያስከፍል ነበር? ተኝታ ነበር እንዳትሉኝ። እስክትነቃ መጠበቅ ማንን ገደለ?

ከዚህ ስትወጡ ስልካችሁን እንደምትከፍቱ አውቃለሁ። ክፈቱ። በሰው ስም ላይ የጻፋችሁትን ፈልጉ፤ አጥፉት። ግን አጥፍታችሁ ቁጭ አትበሉ። ተነሡ፣ ያ ሰው ቤት ሂዱ፣ በሩን አንኳኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ ቢያዞርባችሁም እንኳ አትመለሱ።