በኩታ ጫፍ የተጠገነ መንገድ

ተረት አምጣ አላችሁኝ። እናንተ ጆሮ አምጡ፣ እኔ ተረቱን አመጣለሁ።

ድሮ፣ ፍርድ በዛፍ ጥላ ሥር በሚሰጥበት ዘመን፣ አንድ ተራራ ነበር። በተራራው ላይ አንድ መንገድ። ሌላ መንገድ የለም። ሙሽራ በሱ ይሄዳል። አስከሬን በሱ ይሄዳል። ከብት፣ አህያ፣ ቄስ፣ ነጋዴ፣ ሁሉም በሱ።

ከመንገዱ ዳር ግራዝማች ወንዳፍራሽ የሚባል ባለ ርስት ይኖር ነበር። ትልቅ ሰው። ሆዱ ቀድሞ ይገባል፣ እሱ ይከተላል። በየዓመቱ ሲያርስ ከመንገዱ አንድ ትልም ይወስዳል። የማሳውን ውሃ ወደ መንገዱ ይለቃል። መንደሩ መንገድ ሊጠግን ሲወጣ እሱ አይወጣም። «የእኔ በቅሎ ትዘላለች» ይላል።

አያ ጥላዬም ነበረ። ቀጭን ሽማግሌ። ሚስቱ የምትሠራውን ሸክላ በአህያ ጭኖ ከተራራው ማዶ ይሸጣል። አንድ ቀን አህያዋ የግራዝማች ውሃ በቦረቦረው ቦይ ውስጥ ወደቀች። አሥራ አንድ እንስራ፣ ስድስት ድስት፣ ሁሉም ገል ሆነ። ክረምት ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መንገዱን እንደፈረሰ ዝናብ ካገኘው እስከ መስከረም ገበያ የለም። ገበያ ከሌለ እነ አያ ጥላዬ የሚበሉት የለም።

አያ ጥላዬ አላለቀሰም። ወደ ግራዝማች ማሳ ሄደ።

«በንጉሥ አምላክ፣ ይቁሙ» አለው። በዚያ አገር ሕግ ይህን የተባለ ሰው፣ ጌታም ቢሆን፣ ይቆማል። «መንገድ አፍርሰዋል። ዳኛ ዘንድ እንሂድ።»

«አንተ ጭቃ አቡኪ፣ እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው፣ ጌታዬ።»

ሕጉ እንዲህ ነበር። ተከሳሽ ዋስ ካጣ፣ የሱና የከሳሹ ኩታ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አይፈታም። የፈታ ወይም የበጠሰ ተሸናፊ ነው። ግራዝማች ዋስ ፍለጋ ወደ ጎረቤቶቹ ዞር አለ። አንዱ የበሬውን ጥርስ መቁጠር ጀመረ። አንዱ ከእግሩ እሾህ ያወጣል፤ እሾህ ግን አልነበረውም። ዋስ ጠፋ። ተቋጠሩ።

«በቅሎዬን አምጡ።»

በቅሎዋ ሁለቱን አየች። አንገቷን አዞረች። በእግር ሄዱ። መንደሩም ቆሎውን ይዞ ከኋላ ተከተለ።

ቦዩ ጋ ደረሱ። አያ ጥላዬ ተቀመጠ።

«ተነሥ።»

«ጉልበቴ አይሻገርም፣ ጌታዬ።»

«እኔ እዘላለሁ።»

«ይዝለሉ። ኩታው ከተበጠሰ ግን እኔ ረታሁ።»

ግራዝማች ቦዩን አየ። ኩታውን አየ። ድንጋይ አነሣ። ቦዩን ሞላ። «ውሃው ከላይ ካልተመለሰ ነገም እዚሁ ነን» አለ አያ ጥላዬ። ግራዝማች ውሃውን ወደ ገደሉ መለሰ። ተሻገሩ።

አቀበቱ ጋ ደረሱ። የድንጋይ ደረጃው በዚያው ውሃ ተንዷል። አያ ጥላዬ ተቀመጠ።

«በጀርባዬ ልዘልህ።»

«ደስ ይለኛል። ግን ከላይ የሙሽራ አጃቢ እየወረደ ነው። አዝለውኝ ካዩ የሰርግ ዘፈን ያደርጉናል።»

ግራዝማች ደረጃ መደርደር ጀመረ። ድንጋዩ ተንከባለለ። ደግሞ ደረደረ። ደግሞ ተንከባለለ።

«የድንጋዩን ሆድ ወደ ውስጥ ያድርጉት፣ ጌታዬ» አለች አንዲት ቆሎ የምትቆረጥም ሴት። «እንደ እርስዎ ወደ ውጭ አይደለም።»

ወደ ውስጥ አደረገው። ቆመ።

ጫፉ ላይ ደረሱ። በግራ ገደል፣ በቀኝ የግራዝማች እርሻ። መሀል የቀረው መንገድ ለፍየል እንኳ ይጠብባል። አያ ጥላዬ ተቀመጠ።

«በማሳው እንለፍ» አለ ግራዝማች።

«የሰው ማሳ አልረግጥም።»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ይፍቀዱልኝ።»

«ፈቅጃለሁ።»

«ለእኔ ብቻ? አህያዬስ? ነገ ስመለስስ?»

«ለሚያልፍ ሁሉ፣ ለዘላለም ፈቅጃለሁ። ተነሥ ብቻ።»

አያ ጥላዬ ወደ ኋላ ዞረ። «ሰማችሁ?»

«ሰማን» አለ መንደሩ፣ ቆሎ በሞላበት አፍ።

ዳኛው ፊት ቀረቡ።

«ክስህ ምንድን ነው?»

«መንገዳችንን አፍርሰዋል፣ ጌታዬ።»

ግራዝማች ሳቀ። «ሰው ይላኩና ይታይ። መንገዱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የቀና ነው። በሐሰት ከሶኛልና ይቀጣልኝ።»

መንደሩ ማላመጡን ተወ። በሐሰት የከሰሰ ሰው አህያውን ይነጠቃል። ዳኛው የግራዝማችን የተላጠ እጅ አየ።

«እጅዎ ምን ሆነ?»

«ደረጃውን ስደረድር ድንጋይ...» አለና አፉን ያዘ።

«ያልፈረሰ ደረጃ ይደረደራል?»

ዳኛው ፈረደ። ለተሰበረው ሸክላ እህል ይስፈር። በየዓመቱም ክረምት ሳይገባ፣ መንደሩ ከመረጠው አንድ እግረኛ ጋር ተቋጥሮ፣ በዚሁ መንገድ እዚህ ድረስ ይምጣ።

መንደሩም መረጠ። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት አንካሳ አሮጊት። በሁለተኛው አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ። በሦስተኛው፣ ትናንት መራመድ የጀመረ ሕፃን።

ያን ዓመት መንገዱ ላይ ጠጠር እንኳ አልተገኘም።

የጋራ መንገድ ያፈረሰ፣ በገዛ እግሩ ተከሰሰ።

እኔ እዚህ አደረስኳችሁ። የቀረውን በእግራችሁ።