ጉልበት ፍለጋ የወጣችው አዋላጅ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዕቃ ከባለቤቱ፣ ከብት ከጌታው ጋር ቁጭ ብሎ በሚያወጋበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ ከአንድ ተራራ ግርጌ የውብዳር የምትባል አዋላጅ ትኖር ነበር። ሟች ባሏ ትቶላት የሄደ፣ አንድ ከባድና አንድ ቀላል ማርሽ ያለው አሮጌ ብስክሌት ነበራት። ከሰፈሯ ምጥ ሲይዝ በእግሯ ትሄዳለች። ከላይ ከአምባው ሲጠሯት ግን መንገዱ ጠመዝማዛና ረጅም ነውና በብስክሌቷ ዳገቱን ትወጣለች።

የውብዳር ደክማለች። የዛሬ ድካም አይደለም፣ የከረመ ነው። ተኝታ ስትነሳ ደክሟት ትነሳለች፤ በልታ ስትነሳም ደክሟት ትነሳለች።

አንድ ክረምት ማንጠግቦሽ የምትባል የአምባው ሴት ምጥ ያዛት። የውብዳር ተጠርታ ወጣች። ከዳገቱ መሐል እግሯ እምቢ አላት፤ ወርዳ ብስክሌቱን እየገፋች ሄደች። ስትደርስ ሕፃኑ ተወልዶ፣ ሳያለቅስ ቀርቶ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ነበር። ማንም ክፉ አልተናገራትም። ማንጠግቦሽ ብቻ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ “ደክሞሽ ነው፣ እትዬ” አለቻት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ጊዜው ሄደና ማንጠግቦሽ እንደገና አረገዘች ተባለ። የውብዳር ይህን የሰማች ቀን እህል አልበላ አላት። “ጉልበት እፈልጋለሁ፤ ከየትም ይምጣ” አለችና በረት ወዳለው በሬዋ ወደ ቦራ ሄደች።

“ቦራ” አለችው፣ “ያን ሁሉ መሬት ስትገለብጥ ውለህ አትወድቅም። ጉልበትህን ከየት አመጣኸው?”

ቦራ እያመሰኳ ብዙ ቆየ። “በዝግታ ነው” አላት። “ከባድ ነገር፣ በዝግታ። እኔ ስቸኩል አይተሽ ታውቂያለሽ? ከባዱን ማርሽ አስገቢና ፔዳሉን ቀስ አድርገሽ ርገጪ። እግርሽ እንደ እኔ እግር ይሆናል።”

የውብዳር እንደተባለችው አደረገች። በየቀኑ ከባዱን ማርሽ አስገብታ ዳገቱን ትወጣለች። ረገጥ፣ ቆም። ረገጥ፣ ቆም። ካቴናው ይንቋቋል፣ ብስክሌቱ ያቃስታል፣ ጭኗ ይቃጠላል። ወር አለፈ፤ ሌላም ወር ተጨመረ። በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መሄዱን በደንብ ቻለችበት። ዳገቱን የምትጨርሰው ግን ያው እንደ ድሮው ጥላው ከዞረ በኋላ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ከአንዲት ወላድ አጠገብ ልንበርከክ ብትል አቃታት።

ያን ጊዜ ከቀሚሷ ሥር አንድ ድምፅ “የውብዳር” አላት። ቀኝ ጉልበቷ ነበር።

“ዝም በል” አለችው። “አሁን ጊዜ የለኝም።”

ከዚያ ወደ ቀፎው ሄዳ ንብን ጠየቀቻት። “አንቺ ይህችን አክለሽ ቀኑን ሙሉ ስትበሪ ትውያለሽ። ጉልበትሽን ከየት አመጣሽው?”

“በፍጥነት ነዋ” አለች ንብ፤ ቆማ ለመመለስ እንኳ ጊዜ አልነበራትም። “ቀላሉን ማርሽ አስገቢና እንደ ክንፌ አሽከርክሪው። ሳይታወቅሽ ትደርሻለሽ።”

የውብዳር ይህንንም አደረገች። ፔዳሉ ዞር፣ ዞር፣ ዞር ይላል፤ እሷ ከላዩ ሆና ትንገላታለች። ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ ልቧ እየደለቀ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው። የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ለአዋላጅ ምን ይሠራል? አንድ ቀን የእትብት መቁረጫው ምላጭ ከእጇ አምልጦ መሬት ወደቀ።

“የውብዳር” አላት ጉልበቷ ለሁለተኛ ጊዜ።

“ዝም በል ብዬሃለሁ” አለችው።

የማንጠግቦሽ ቀን እየቀረበ ሄደ። አንድ ከሰዓት የውብዳር ከዳገቱ ወርዳ ብስክሌቷን ከአጥሩ አስደገፈች፤ እሷም ከጎኑ መሬት ላይ ተዘረጋች። ለመነሳት ምክንያት ፈለገችና አጣች።

“የውብዳር” አለ ጉልበቷ ለሦስተኛ ጊዜ።

“ምን ትፈልጋለህ?”

“ጉልበት ፍለጋ በረት ገባሽ፣ ቀፎ ሄድሽ። ጉልበት የምባለው እኔ ነኝ። እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሽኝም።”

የውብዳር ለመሳቅም ደከማት። “እሺ፣ ይኸው ጠየቅሁህ።”

“ቦራ አልዋሸሽም” አለ ጉልበት። “ግን ቀስ ብሎ ስለሚሄድ የበረታ ይመስለዋል። ያበረታው የሚጎትተው ክብደት ነው፤ በዚያ ላይ በልቶ ይተኛል። አንቺ ከባዱን ማርሽ ቀስ ብለሽ ስትረግጪ ለጭንሽ ያን ያህል ክብደት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ይችለዋል። ለእኔ ግን መፋተጉ በዛብኝ። ጭንሽ እንዲበረታ ከፈለግሽ በእውነት የሚከብደውን አሸክሚው። ጥቂት ጊዜ ብቻ አንሺ፤ ከዚያ አስቀምጪው።”

ብስክሌቱም ከአጥሩ ሥር ሆኖ ጣልቃ ገባ። “ስለ ማርሹ እኔ ልናገር። ቀስ ብዬ ብዞርም ፈጥኜ ብዞርም ዳገቱ ያው ዳገት ነው። ሳታስቢው እግርሽ ራሱ የሚመርጠው አዟዟር አለ፤ እሱን ስጪው። በዚያው አዟዟር አልፎ አልፎ አጥብቀሽ ርገጪ፤ ከዚያ ተንፍሺ።”

“ሌላስ?”

“ማረፍ” አለ ጉልበት።

የውብዳር ሰማዩን አየች። “እሱን አልችልም” አለች። “እኔ ካረፍኩ ማን ይሄዳል?”

“እንግዲያው እኔም የማደርግልሽ የለም። ሰውነትሽ የሚበረታው ስትሠሪ አይደለም፤ ሠርተሽ ስታርፊ ነው። ሳታርፊ የሠራሽው ሁሉ ከእኔ ላይ እየተቀነሰ ነው።”

በማግስቱ የውብዳር ከሰፈሯ በታች ያለውን ወንዝ በድልድዩ ተሻግራ አስካለ የምትባል የማዶ አዋላጅ ቤት ሄደች። ብዙ ዓመት ተዋውቀው እንዲህ ተቀምጠው አውርተው አያውቁም።

“አስካለ፣ ደክሞኛል” አለቻት። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

አስካለ መቀመጫ ስታቀርብላት፣ “እኔ እኮ እገዛ የምትጠዪ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት” አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኑን አንዷ፣ ሌሊቱን አንዷ እየያዙ ተራ ገቡ።

የውብዳር ጉልበቷ እስኪሽር ጠበቀችና በትንሽ ድንጋይ ጀመረች። ድንጋዩን አቅፋ ቁጢጥ ትላለች፣ ትነሳለች፣ ታስቀምጠዋለች። እያደር ድንጋዩ ከበደ። ዳገቱን እግሯ በመረጠው አዟዟር ትወጣለች፤ መንገድ ዳር ካለው ቁልቋል እስከ ዋርካው አጥብቃ ትረግጥና ትተነፍሳለች። ተራዋ ባልሆነ ጊዜ ትተኛለች። መጀመሪያ ሰሞን እሷ ተኝታ ጆሮዋ በር ላይ ያድር ነበር። ኋላ ጆሮዋም ተኛ።

አንድ ማለዳ የማንጠግቦሽ ባል አስናቀ እያለከለከ መጣ። “እትዬ፣ ምጡ ጠንቶባታል። የሕፃኑ እግር ነው የቀደመው።”

የውብዳር ብስክሌቷን አወጣች። “የትኛውን ማርሽ?” አላት ብስክሌቱ።

“እግሬን ጠይቀው።”

በዚያ ክረምት እግሯ እምቢ ያላት ቦታ ስትደርስ ፈራች። ፍርሃቷን ይዛው ወጣች እንጂ አልወረደችም። ከማንጠግቦሽ በር ላይ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች፤ እጇን አየችው፤ አልተንቀጠቀጠም። ገብታ ተንበረከከች። ብዙ ቆዩ። ሕፃኗ ወጥታ ዝም ስትል ቤቱም ዝም አለ። የውብዳር የሕፃኗን አፍ ጠርጋ፣ ጀርባዋን አሸችላት፤ አሁንም አሸችላት። ሕፃኗ አለቀሰች። ማንጠግቦሽም አለቀሰች።

የውብዳር ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ጠልቃለች። ከአጥሩ አንድ ሰው ይጠብቃት ነበር።

“እትዬ፣ እህቴ ምጥ ይዟታል።”

“የእኔ ተራ ነገ ጠዋት ነው” አለች የውብዳር። “አሁን የአስካለ ነው። ድልድዩ ያሻግርሃል፤ ሩጥ፣ ትደርሳለች።”

ሰውየው ሮጠ። የውብዳር ገብታ በሩን ዘጋች፤ ጫማዋንም ሳታወልቅ ተኛች።

ልፋት ብቻውን ብርታት አይሆንም፤ የሚከብደውን አንስቶ ማስቀመጥ ያወቀ ነው የሚበረታው። እኔም ወሬዬን እዚሁ ላይ አስቀመጥሁት።