የአያ ጅቦ ጓዝ

አንድ ጊዜ፣ ወንዝ ዳር ካለ ገደል ሥር፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ ዋሻው የሚጎትት አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ይኖር ነበር። የጅብን ሆዳምነት አገር ያውቀዋል። የአያ ጅቦ ግን ለየት ይል ነበር። ሌሎቹ ጅቦች ያገኙትን በልተው ይተኛሉ፤ እሱ የሚበላውን ከበላ በኋላ የማይበላውንም ተሸክሞ ይገባል። አፉ የተሸረፈ ገንቦ፣ ቀዳዳ ስልቻ፣ የተሰነጠቀ ቀንበር፣ እግሩ የወለቀ በርጩማ፣ ከማን እንደተረፈ የማይታወቅ አጥንት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ግን ከገበያ መንገድ ዳር ወድቆ ያገኘውን የአህያ ኮርቻ ነበር።

«ኮርቻው እኔ ዘንድ ካለ አህያዋ አንድ ቀን ፈልጋው ትመጣለች» ይል ነበር። ስድስት ዓመት ጠበቃት። አህያዋ ኮርቻው የጠፋ ቀን እፎይ ብላ እንደሆነ ለአፍታም አላሰበም።

ሚስቱ ጅቢት ትወደው ነበር። ስለዚህ ብዙ ቻለች። ገንቦውን ዘላ፣ በቀንበሩ ሥር ሾልካ፣ ከአጥንቱ ክምር ጥግ ተኮራምታ መተኛት ለምዳለች። አንዳንዴ ቢያንስ አጥንቱን እንዲበላው ትለምነዋለች፤ እሱ ለክፉ ቀን ነው ብሎ ያልፈዋል። በዚያ ዓመት ግን ጅቢት አርግዛ ነበር፤ ሆዷ ገፍቶ መውለጃዋ ደረሰ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጎኗን ልትለውጥ ስትል ቀንበሩ ያዛት። ወዲህም ወዲያም ማለት አቅቷት፣ ባሏ ከሄደበት እስኪመለስ እንደተጋደመች ቆየች።

አያ ጅቦ ሲመለስ አልተቆጣችም። ቀንበሩን ካነሳላት በኋላ ነው የተናገረችው።

«ጅቦዬ፣ እዚህ ቤት ልወልድበት የምችል ቦታ የለም» አለችው። «እስከ ቅዳሜ ካልተገኘ እናቴ ዘንድ ሄጄ እወልዳለሁ።»

የመጀመሪያ ልጅን እናት ቤት ሄዶ መውለድ በጅቦችም ዘንድ ያለ ወግ ነው፤ ማንም አይነቅፋትም። ችግሩ ሌላ ነበር። የእናቷ ዋሻ ከወንዙ ማዶ ነው። ሰማዩ ከሰሞኑ ጠቁሯል። ወንዙ አንዴ ከሞላ ደግሞ እስከ መስከረም ማንንም አያሻግርም። አያ ጅቦ አስተሳሰቡ ቀርፋፋ ቢሆንም ይህን ለማስላት አልዘገየም፤ ልጆቹን የሚያያቸው ጥርስ አብቅለው፣ እሱን ሲያዩ እንግዳ መጣ ብለው የሚሸሹ ከሆኑ በኋላ ነው።

በማግስቱ ቤቱን ሊያጸዳ ቆርጦ ተነሳ። በርጩማውን አንጠልጥሎ እስከ በሩ ወሰደው። በሩ ላይ ቆሞ አየው። እግር ቢገኝለት እኮ ይሆናል ብሎ መለሰው። ስልቻውን አወጣው፤ ቀዳዳው ቢሰፋ እኮ ብሎ መለሰው። ጠዋቱን ሙሉ ሲወጣ ሲገባ ዋለ። እኩለ ቀን ላይ አረፍ ልበል ብሎ ሄደ፤ ሲመለስ በአፉ አንድ አሮጌ ቁና ይዞ ነበር። ጅቢት ቁናውን አየች፣ እሱን አየች፣ ፊቷን አዞረች።

አርብ ዕለት ግራ ቢገባው ጎረቤቱ እመት ቀበሮ ዘንድ ሄደ። ቀበሮ ብልጥ ናት። ለጎረቤቷ ደግ ናት ብል ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን ከአያ ጅቦ ዋሻ ውስጥ ዓይኗን የጣለችበት ብዙ ነገር ነበር። ጉዳዩን ሰምታ፣ ጭራዋን ወዝወዝ አድርጋ፣ ጣለው ብትለው እንደማይጥል ስለምታውቅ ጣለው አላለችውም። ክረምት እየገባ ስለሆነ ጓዙ እንዳይሻግት ሁሉንም አውጥቶ ፀሐይ እንዲያስመታው መከረችው። ይሄ ለአያ ጅቦ ጥሩ ሐሳብ ሆኖ ታየው። ተያይዘው ሄዱና ሲጎትቱ፣ ሲያንከባልሉ፣ ዋሻው እስኪራቆት ድረስ ሁሉንም ከበሩ ፊት ለፊት ከመሩት። ክምሩ ከገደሉ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው።

ጅቢት ባዶው ዋሻ ውስጥ ገብታ አንዴ ዞር አለች። ሌላ ዙርም ዞረች። ከዚያ መሐሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተኛች። አያ ጅቦ ሚስቱ እግሯ ያን ያህል ረጅም መሆኑን ረስቶት ነበር።

ቀበሮ ይህን ጊዜ ነው ነገሩን ያመጣችው። «አያ ጅቦ፣ ጀርባህን ለክምሩ ስጥና ዓይንህን ጨፍን» አለችው። «ያለህን ንብረት አንድ በአንድ ጥራልኝ። የጠራኸውን እመልስልሃለሁ። ያላስታወስከው የእኔ ይሁን።»

አያ ጅቦ ሳቀባት። የገዛ ንብረቴን እኔ ካላወቅሁት ማን ሊያውቀው ነው ብሎ በደስታ ተስማማ። እንዲያውም ቀበሮ ባዶ እጇን ስትመለስ እየታየው አዘነላት።

«ጀንዲው» ብሎ ጀመረ። ከተጋቡ ጀምሮ የሚተኙበት ቁርበት ነው። ቀበሮ መለሰችለት።

«ቃጭሏ።» ይቺ ደግሞ ለጅቢት በሠርጋቸው ቀን ያመጣላት ነች፤ አንገቷ ላይ ስትጮህ ሁለቱም በሳቅ የፈረሱባት። ተመለሰች።

«አጥንት» አለ ቀጥሎ።

ቀበሮ የትኛውን አጥንት እንደሆነ ጠየቀችው። ትልቁን አላት። ሁሉም ትልቅ ነው አለችው። ከጠዋት ጀምሮ ሲቆረጥም የነበረውን አንዱን ብቻ ለይቶ መናገር ቻለ፤ እሱም ተመለሰለት።

ከዚያ ወዲያ ግንባሩን አኮማተረ። ጆሮውን አከከ። አንገቱ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሊዞር ሲል ጅቢት ከውስጥ አትዙር አለችው። ስንት ዓመት የተሸከመው፣ በላብ በወዝ የሰበሰበው፣ ለአንዱም ስም አጣለት። ስድስት ዓመት የጠበቀው ኮርቻ እንኳ ትዝ አላለውም።

«አንድ ይቀረኛል» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ጅቢት።»

ቀበሮ ጅቢት ከክምሩ ውስጥ እንደሌለች፣ ቤት ውስጥ እንዳለች ነገረችው።

«ነገ ልትወጣ ነዋ» አላት አያ ጅቦ። «ለዚህ ነው የጠራኋት።»

ከዋሻው ውስጥ ቃጭሏ ተንቀጫቀጨች። ጅቢት አንገቷ ላይ አጥልቃት ነበር። ቅዳሜ መጣ፣ አለፈ፤ ጅቢትም ወንዙን አልተሻገረችም።

ቀበሮ ደግሞ ክምሩን ወደ ጉድጓዷ አጋዘች። ለራሷ የነገረችው ሁለት ሦስት ቁራጭ ቆዳ ብቻ ወስዳ ሌላውን ለመጣል ነበር። ግን ስልቻውን ስታየው ሊጠቅም የሚችል መሰላት። ገንቦውም። ቀንበሩንም ለምን እንደሆነ ሳታውቀው አስገባችው። ብልጥ የሆነ ሰው ዕቃ የሚያከማችበት ምክንያት አያጣም፤ ከጅሉ በዚህ ይብሳል። ኮርቻው ብቻ ትልቅ ስለሆነ ውጭ ቀረ።

በሳምንቱ ዝናቡ ወረደ። በዚያው ቀን ጅቢት ሁለት ልጆች ወለደች፣ በሰፊው ዋሻ መሐል፣ በጀንዲው ላይ። ጎረቤት ሁሉ አራሷን ሊጠይቅ መጣ። ጦጣዋ መጣች፣ ከርከሮው መጣ፣ ከዚያ ቀደም ደጃፉ ድረስ እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቆ የማያውቀው ሁሉ ገብቶ ተቀመጠ፤ መቀመጫ ቦታ ነበራ። ቀበሮ ግን አልመጣችም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ተጠበቀች። አራስ አለመጠየቅ ትልቅ ነውር ነው፤ ጦጣዋ ማማት ጀመረች። አያ ጅቦ ግን ሐሜቱን አልሰማ ብሎ፣ የቀበሮ ነገር ስላሳሰበው በሦስተኛው ቀን ጠዋት በዝናብ ወጣ።

ጉድጓዷ ደጃፍ ሲደርስ የሚያውቀው ነገር ጠበቀው። ኮርቻው የጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰንቅሮ በሩን ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። ከኋላው የቀበሮ አፍንጫ ብቻ በስንጥቁ ይታያል። ዝናቡ ሲጀምር ኮርቻው እንዳይበሰብስ ሰግታ ከውስጥ ሆና ጎተተችው፤ ተሰነቀረ፣ እርጥበቱ አሳበጠው። ወደ ኋላ እንዳትል ቀንበሩና ገንቦው ይዘዋታል። ሁለት ቀን እንዲህ ቆይታለች። እንዳትጣራ ደግሞ ማን ይሙት፣ አፍራ ነበር።

አያ ጅቦ ለረጅም ጊዜ ኮርቻውን አየ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ተኮፍሶ ተቀመጠ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት። «ያለሽን ጥሪልኝ።»

ቀበሮ ሊያሾፍባት መስሏት ልትሳደብ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ከጀርባዋ ያለውን ሁሉ በሰውነቷ ትነካዋለች፤ አንዱም ግን ትዝ አላላትም።

«ገና ያላየኋቸው የጅቢት ልጆች አሉኝ» አለች።

አያ ጅቦ ስድስት ዓመት አህያ የጠበቀበትን ኮርቻ በገዛ ጥርሱ ያዘ፤ እንጨቱን ሰባበረው፣ ቆዳውን ተረተረው፣ ቀበሮንም ጎትቶ አወጣት። ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ከሲታ ሆና፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልትል ከኋላው ኩስ ኩስ እያለች ተከተለችው። መንገድ ላይ አያ ጅቦ ከኮርቻው የተረፈች አንዲት የቆዳ ጠፍር በአፉ አንጠልጥሎ እንደነበረ አስተዋለች። ለምን እንደሚሆነው ብትጠይቀው፣ ምናልባት ለልጆቹ መጫወቻ ብሎ አጉተመተመ። ዋሻው ደጃፍ ሲደርሱ ጅቢት ጠፍሩን አየች፣ እሱን አየች። አያ ጅቦ ጠፍሩን ከውጭ ትቶ ገባ።

ከዚህ የምንማረው ዓይናችንን ጨፍነን የማናስታውሰው ዕቃ ሁሉ፣ ዓይናችንን ጨፍነን ለምናስታውሰው ሰው የሚሆነውን ቦታ ይዞ እንደሚቀመጥ ነው።