የጉድጓዱ ማርሽና የሸክላ ብናኞች

ተረት አለኝ።
«ከበረቱ ፍታው!» በሉኝ።
ፈታሁት፤ ያዙት።

ድሮ ነው። ብረት የሚናገርበት፣ ሸክላ የሚቆጣበት ዘመን ነው። «ፕላስቲክ ያን ጊዜ የት ነበረ?» የምትል ካለህ ዝም ብለህ ስማ፤ በተረት አገር ያልነበረ የለም።

በአንድ ቆላ አገር አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነበረ። ውሃውን የሚያወጣው መንኮራኩር ነው። መንኮራኩሩን እየዞረች የምታዞረው እመት አህያ ናት። ሲበላሽ የሚጠግነው አያ ጃርት ነው። ሚዳቋዋ፣ ከርከሮው፣ ጅግራው፣ ሁሉም ከዚያ ይጠጣል። ሌላ ውሃ የለም።

መንኮራኩሩን የሚነዳው ባለጥርስ ማርሽ ብረት ነበረ። ጨዋማው ውሃ በላው፤ ዝጎ አለቀ። አያ ጃርት አወጣውና ፕላስቲክን ማርሽ አድርጎ በቦታው አስገባ።

ፕላስቲክ ኮራ። «ዝገት አይበላኝ! ክብደት የለኝ! እንደ እኔ ያለ ማን አለ?» አለ።

ከጉድጓዱ አጠገብ፣ በጃርት ደጃፍ፣ የተሰበረ እንስራ ተፈጭቶ ተቀምጧል። ከዱቄት የደቀቀ፣ ዓይን የማይለየው ብናኝ ነው። ብናኞቹ እህትማማቾች ናቸው፤ እሳት ያበሰላቸው፣ ሙቀት የማይበግራቸው።

ፀሐይ ወጣችና የፕላስቲክን ጥርስ አለሰለሰችው። ታላቂቱ ብናኝ፣ «ወንድማችን፣ ሆድህ ውስጥ አስገባን፤ እናጠንክርህ» አለችው።

«የስባሪ ልጆች! ገላዬን ልታቆሽሹ? ዞር በሉ!»

አሸዋ ነፈሰና ጥርሱን ሞረደው። «ወንድማችን፣ አስገባን» አለችው ታላቂቱ።

«የስባሪ ልጆች! ዞር በሉ!»

ጥርሱ መነቃነቅ ጀመረ። «ወንድማችን፣ ሳትሰበር አስገባን!» አለችው።

«ዞር በሉ አልኩ!»

ወዲያው ጥርሱ ቀጭ አለ። ስባሪው ተፈናጥሮ የእመት አህያን ዓይን መታ። ዓይኗ ፈሰሰ። መንኮራኩሩ ቆመ።

አህያ አገር እስኪሰማ ጮኸች። «አንተ እብሪተኛ! ስትለሰልስ ዝም አልኩ። ስትሞረድ ዝም አልኩ። ለመኑህ፣ ሰደብካቸው! በአንተ ኩራት የእኔ ዓይን ለምን ይፍሰስ? አንተስ አያ ጃርት! ሁሉን እየሰማህ እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥክ!»

ጃርት አፈረ። እሾሁን አስተኝቶ ወደ ፕላስቲክ ዞረ። «ብናኞቹ እንዲገቡልህ መቅለጥ አለብህ» አለው።

«ልቅለጥ? መልኬን ልጣ?»

«እኔ ዓይኔን አጣሁ!» ብላ አህያ በእርግጫ መሬቱን መታችው።

ፕላስቲክ ቀለጠ። ብናኞቹም ገቡ፤ ግን ስድቡ ውስጣቸውን እያቃጠለው ነው። «እንገባለን፤ እሱን ግን አንነካውም» ተባባሉ። ተቃቅፈው፣ እንደ ጓል ተጠቅልለው፣ አንድ ጥግ ተከመሩ።

ጃርት አዲስ ማርሽ ሠራና ገጠመ። አህያ ገና አንዴ ብትዞር ማርሹ ለሁለት ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀው ልክ ብናኞቹ የተከመሩበት ቦታ ላይ ነው።

አህያ በቀረው ዓይኗ አፈጠጠችባቸው። «እናንተም!»

«ተሰድበናል!» አለች ታላቂቱ።

«ተሰደባችሁ። ሚዳቋዋስ ማንን ሰደበች? ያቻትና፣ ከጉድጓዱ አፍ ወድቃ ምላሷን አውጥታለች። ግልገሏ የደረቀ ጡት ይጠባል። በእናንተ ኩርፊያ ይሙቱ?»

ፕላስቲክ ድምፁ ሰለለ። «የስባሪ ልጆች ያልኩ እኔ ነኝ። ክፉ ተናገርኩ። ይቅር በሉኝ» አለ።

ታላቂቱ መለሰች፦ «ቁጣችን አልበረደም። አንተን ብለን አይደለም፤ ሚዳቋዋን ብለን እንበተናለን።»

ፕላስቲክ እንደገና ቀለጠ። እህትማማቾቹ እየተላቀሱ ተለያዩ። ጃርት አማሰለ፣ አማሰለ፣ አማሰለ፤ ሁለቱ እንኳ አንድ ቦታ እስከማይገኙ ድረስ አማሰለ። እያንዳንዷ ብቻዋን ቆመች፤ በዙሪያዋ ያለውን ፕላስቲክም አጥብቃ ያዘች።

ማርሹ ተገጠመ። አህያ ዞረች። ፀሐይ መጣች፤ ጥርሱ አልለሰለሰም። አሸዋ መጣ፤ ጥርሱ አልተሞረደም። በመጨረሻ ስንጥቅ እንደ እባብ እየተሳበ መጣ።

«አሳልፊኝ!» አለ።

«አላሳልፍህም!» አለችው አንዷ። በጎን ዞረ።

«አሳልፊኝ!»

«አላሳልፍህም!» አለችው ሌላዋ። እንደገና ዞረ።

«እባክሽ፣ ደከመኝ፣ አሳልፊኝ!»

«እዚያው ሙት!» አለችው ታላቂቱ። ስንጥቅ እዚያው ቀረ።

ውሃው እየተንዶለዶለ ወጣ። ሚዳቋዋ ጠጣች፤ ቆመች፤ ግልገሏም ጠባ። ፕላስቲክ ከውስጥ፣ «እመት አህያ፣ አሁንስ ታረቅሽኝ?» ሲል ጠየቀ።

«አልታረቅኩህም» አለች አህያ። «ዝም ብለህ ዙር።»

እሱም ዝም ብሎ ዞረ።

እኔም ተረቴን አሰርኩት። እናንተ ግን ይህን ያዙ፦ ተከምሮ የገባ ያሰነጥቃል፤ ተበትኖ የገባ ያጠብቃል።